ሰው ሰቅሎ ሚኒስትር የሆነው ከብት አርቢ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሰሞኑን የአንድ አሜሪካዊ ከብት አርቢ ታሪክ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስሙ ግራንቪል ስቱዋርት ነው። (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ባለፈው በዚሁ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ስለተነታረክን ቀድሜ ተናግሬአለሁ።)

ሰውየው በ1834 ቨርጂኒያ ተወለደ፤ አዮዋ አደገ። በ1852 ከአባቱና ከወንድሙ ከጄምስ ጋር ወርቅ ፍለጋ ካሊፎርኒያ ወረደ። በ1857 ወደ አዮዋ ሲመለስ መንገድ ላይ ታሞ ለሳምንታት ተኛ። ቀና ሲል ደግሞ ሞርሞን በሚባሉት የሃይማኖት ማኅበር ሰዎችና በፌዴራል መንግሥቱ መካከል በተነሣው ግጭት ምክንያት የፊቱ መንገድ ተዘግቶ ጠበቀው። ወደ ሰሜን ዞረ፤ ኋላ ሞንታና በተባለው አገርም ቀረ። በ1858 ከወንድሙ ጋር ዲር ሎጅ ሸለቆ አጠገብ ወርቅ አገኘ፤ ወርቁ ግን አላበለጸገውም። ነገደ፣ የባንክ ሒሳብ ያዥ ሆነ፣ በመጨረሻ ወደ ከብት እርባታ ገባ። በ1883 የግዛቱ የላይኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበር። በ1884 ጁላይ ላይ እሱ ያሰማራቸው ፈረሰኞች ፈረስ ሰረቁ የተባሉ ሰዎችን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ በገመድና በጥይት ጨረሷቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ይህንኑ ሰው በኡራጓይና በፓራጓይ የአሜሪካ ሚኒስትር (አምባሳደር እንደ ማለት ነው) አድርገው ሾሙት።

ይህ እንዴት ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ በአገሩ ሕግ የሚባል ነገር ገና አልደረሰም ነበር፤ ባልደረሰ ሕግ ደግሞ ማንም አይጠየቅም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

መልሶቹ

ሰዎቹ በብዕር ስም የሚጽፉ ስለሆኑ በመልሳቸው ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። የተናገሩትን እንዳለ አልገለብጥም፤ ፍሬ ነገሩን እተርካለሁ እንጂ።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ናቸው። ካመሰገኑኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ይህ ሁሉ ከብት የጋጠው መሬት የማን ነበር? ስቱዋርት ገዝቶት ነው ወይስ ተመርቶ?

2ኛው ከብት እርባታ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። መሬቱን አልገዛውም አለ። የመንግሥት መሬት ነው፤ አጥርም ኪራይም የለውም፤ ቀድሞ ውኃ ዳር የሰፈረ በዙሪያው ያለውን ሣር እንደራሱ ይቆጥረዋል። ሀብት የሚባለው ከብቱና በከብቱ ቆዳ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰው ምልክት ነው። የስቱዋርት ድርጅት ምልክት የሦስቱ ባለድርሻዎች የዴቪስ፣ የሃውዘርና የስቱዋርት ስም መነሻ ፊደላት ነበሩ። ካፒታሉ 150,000 ዶላር፤ ገንዘቡን በብዛት ያወጡት ሁለቱ፣ ፈረስ ላይ የሚውለው ስቱዋርት። በ1880 ቦታ ፍለጋ ብዙ ከዞረ በኋላ በጁዲት ተፋሰስ በኩል፣ በዚያው ዓመት ከተቋቋመው ከማጊኒስ ምሽግ አጠገብ ሰፈረ። የሁሉም ከብት ተቀላቅሎ ነው የሚግጠው፤ በጸደይ ጎረቤት ሁሉ በአንድነት ወጥቶ መንጋውን ይሰበስባል፣ ጥጃ የተከተላት እናት ምልክት ታይቶ እሱም በዚያው ይተኮሳል። እናቱ ያልታወቀች ጥጃ የጠብ መነሻ ናት።

ከዚያ የሌቦቹን ዘዴ አብራራ። ሌባው አሮጌውን ምልክት በጋለ ብረት ቀጥሎ ሌላ ያስመስለዋል፤ አዲሱ ቁስል እንዳያሳብቅበት ደግሞ እርጥብ ብርድ ልብስ ከቆዳው ላይ ዘርግቶ በላዩ ይተኩሳል። እንፋሎቱ ጠጉሩን ያቃጥላል እንጂ ቆዳውን በደንብ አይልጠውም፤ ጠባሳው የቆየ ይመስላል። ይህችን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኳት።

3ኛው አጭርና መራራ ነበር። 1ኛው የመሬቱን ባለቤት ጠይቀው 2ኛው መንግሥት ብሎ መመለሱ አስቆጥቶታል። ከመንግሥት በፊት ማን ነበረበት ብሎ ጠየቀ። ስቱዋርት ራሱ በጻፈው ትዝታ በ1880 አገሩ በጎሽ ተሞልቶ ነበር፤ በ1883 መጸው ከግጦሹ ላይ አንድ ጎሽ አልቀረም፤ በምትኩ 600,000 ከብት ገብቶበታል። በጎሹ የሚኖሩት ሕዝቦች በረሃብ ወደ ተከለለላቸው መሬት ሲገፉና ተርበው አንዲት ላም ሲያርዱ ግን ሌቦች ተባሉ። የመክፈቻ ጽሑፌ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም አለ። እውነቱን ነው፤ ተቀብያለሁ።

4ኛው መላሽ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ነው፤ ከሲያትል ወደ ምሥራቅ ጭነት ሲያመላልስ በኢንተርስቴት 90 ሞንታናን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ዲር ሎጅ ከተማ አጠገብ ቆሞ ታሪካዊ ተብሎ የተጠበቀ የከብት እርባታ ጎብኝቷል። ድርቆሽ የሚከመርበትን ከእንጨት የተሠራ ግዙፍ ተንሸራታች ሲገልጸው በዓይኔ ሣልኩት፦ ጣሪያ የሚያህል ጋደል ያለ መሰላል፣ ከታች ፈረሶች ገመድ እየጎተቱ፣ ድርቆሹ ሽቅብ ወጥቶ ከጫፉ ላይ ወደ ክምሩ ይወድቃል። አጎቱ ደብረ ብርሃን አካባቢ ድርቆሽ በመንሽ ሲከምር ትከሻው ይላጥ እንደነበር አስታውሶ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር አለ። መጨረሻ ላይ ያየሁት የስቱዋርት ቤት ነው ብሎ አሳረገ።

5ኛው ወዲያው አረመው። ዲር ሎጅ ያለው የኮንራድ ኮርስ ነው፤ የስቱዋርቱ ከዚያ ብዙ ሰዓት የሚያስነዳ፣ ወደ ምሥራቅ ነው። ኮርስ ከሆልስታይን የመጣ ሰው ሲሆን ሥጋ ቤት ከፍቶ ጀምሮ የከብት ንጉሥ ተባለ፤ ቤቱንና መሬቱን በ1866 ከጆኒ ግራንት ገዛው። እሱም ፖለቲከኛ ነበር፤ በ1889 የሞንታና ሕገ መንግሥት በተረቀቀበት ጉባኤ ተቀምጧል። ኋላ ከስቱዋርት ድርጅት ውስጥ ድርሻ ስለገዛ ግን አሽከርካሪው ጨርሶ አልሳተም፤ ለዚህች ደግነቱ 5ኛውን አመሰግናለሁ።

6ኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን። ሰቀላውን እደግፋለሁ አለ፣ በግልጽ። ፈረስ በዚያ አገር እግር ነው፤ ፈረሱን የተነጠቀ ሰው በበረዶ መሐል ሞተ ማለት ነው። ሌቦቹ ፈረሱን ወደ ካናዳ ነድተው ይሸጣሉ፣ ከዚያ የሰረቁትን ደግሞ ወደዚህ ያመጣሉ። ማረሚያ ቤት ሩቅ ነው፤ ምስክር የሚሆን ሰው ይፈራል። በእኛም አገር ሌባ ሲበዛ መንደሩ አውጫጭኝ ይቀመጥ አልነበረም ወይ፣ ይህም የዚያው ዓይነት ነው አለ።

እዚህ ላይ ነው አየሩ የተለወጠው። እስካሁን ሁሉም እርስዎ ሲባባሉ ነበር፤ 7ኛው 6ኛውን አንተ ብሎ ጀመረ። አውጫጭኝ ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ይማላል፣ ያየ ያየውን ይናገራል፣ የተጠረጠረው ቆሞ ይሰማል፤ የስቱዋርት ሰዎች ከዚህ የትኛውን አደረጉ? ደግሞም ሕግ አልደረሰም የምትሉት ውሸት ነው ብሎ እኔንም ጨምሮ ወረደብን። በሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ ከመስልሼል ወንዝ አፍ ብዙም ሳይርቅ የነበረው የሌቦቹ ጎጆ ከተቃጠለ በኋላ ያመለጡ አምስት ሰዎች ተያዙ። የተረከባቸው ሕጋዊ ሥልጣን ያለው የፌዴራል ምክትል ማርሻል (ሕግ አስከባሪ ሹም) ነበር፤ ወደ ፍርድ ሊያቀርባቸው እየወሰዳቸው ሳለ ፈረሰኞቹ መንገድ ላይ ጠብቀው ከእጁ ነጥቀው ሰቀሏቸው። ሕጉ መጥቶ ነበር፤ እስረኛውን በእጁ ይዞ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የመክፈቻ ግምቴን ይዤ መሟገት አልቻልኩም። በ8ኛው መልስ ራሴ ገብቼ ስሕተቴን አመንኩ፤ ያገኘሁትንም ጨመርኩ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ማይልስ ሲቲ ላይ ከ400 በላይ ከብት አርቢዎች ተሰብስበው ነበር። ብዙዎቹ በሌቦቹ ላይ ግልጽ ጦርነት እንዲታወጅ ፈለጉ። ተቃውሞ ያስቀረው ስቱዋርት ነው፤ ሌቦቹ የመሸጉና ተኩስ የሚያውቁ ናቸው፣ ከእኛም ብዙ ሰው ይሞታል፣ የተረፍነውም በነፍስ ግድያ እንከሰሳለን አለ። ፈረንሳዊው መኳንንት ማርኪ ደ ሞሬስ ፈሪ ብሎ ሊወርፈው ቃጣው። ስቱዋርት ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች በድብቅ አደረገው። ክስ እንደሚመጣ አስልቶ ነው ያደረገው፤ ሕግ እንደሌለ የሚያምን ሰው ክስ አይፈራም። በማግሥቱ ዓመት የንግድ ሸሪኩ ሃውዘር የግዛቱ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ ስቱዋርት ደግሞ አዲስ የተቋቋመውን የከብት ጉዳይ ቦርድ በሰብሳቢነት ያዘ። ታዲያ ማን ይክሰሰው?

9ኛው፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልትም ከሰቃዮቹ ጋር ጋልቧል ብሎ በልበ ሙሉነት ጻፈ። 10ኛው ተረት ነው አለ፤ በዚያን ጊዜ በዳኮታ ከብት የነበረው ሩዝቬልት በስቱዋርት ትዝታ ውስጥ የሚነሣው የደ ሞሬስን የጦርነት ሐሳብ በመደገፍ ነው፤ በግልቢያው ላይ አልነበረም። 9ኛው ማረጋገጫ አምጣ አለ። 10ኛው ያልነበረን ሰው እንዴት አድርጌ ላምጣልህ አለው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ የተባባሉትን የመድረኩ አስተናጋጅ አጥፍቶታል፤ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ 11 እና 12።

13ኛው ስንት ሰው ተገደለ ብሎ ጠየቀ። ቁጥሩ እንደ ተራኪው ነው፤ ዝቅተኛው ወደ 15 ይጠጋል፣ ወሬው እስከ 100 ይወጣል፣ ሟቾቹም ሁሉ ሌቦች ስለመሆናቸው የመሰከረ የለም ብዬ መለስኩ። 14ኛው ከስቱዋርት አማች፣ ቴዲ ብሉ ከሚባለው ካውቦይ ትዝታ አንዲት ወግ ጣል አደረገ። አንዲት ሴት ስቱዋርትን አግኝታ ሠላሳ ንጹሕ ሰው የሰቀልክ ነፍሰ ገዳይ ትለዋለች። እሱ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እጅ ነሥቶ፣ አዎ እመቤቴ፣ ብቻዬን ነው ያደረግሁት ይላታል። 14ኛው ይህን የጀግንነት ወግ አድርጎ ነው ያመጣው። እኔን ግን ባርኔጣው ነው የቀፈፈኝ።

15ኛው የክረምቱን ነገር አነሣ፤ ያለዚያ የስቱዋርት ታሪክ ጎዶሎ ነው። 1886 ድርቅ ነበር፤ ሣሩ ተቃጠለ፣ መንጋው ግን ከመጠን በላይ በዝቶ ነበር። በመጸው ወፎች ያለ ጊዜያቸው ወደ ደቡብ ሄዱ፤ ነጫጭ የሰሜን ጉጉቶች ታዩ፤ አሮጌዎቹ የአገሩ ተወላጆች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በኖቬምበር በረዶው ጀመረ። ላዩ ቀለጥ ብሎ እንደገና ሲረጋ እንደ መስታወት ጠነከረ። ከብቱ ሣር ፍለጋ ሲረግጠው ይሰበርና ስለቱ የእግሩን ቆዳ ይገፈዋል፤ መንጋው ያለፈበት መንገድ ደም ይነጥበታል። በጃንዋሪ 1887 ቁሩ ከዜሮ በታች 40 ወረደ። ድርቆሽ የሰበሰበ ሰው አልነበረም፤ ሣሩ ነፃ ነው ብለው ስለነበር። በጸደይ ወንዞቹ ሬሳ ይዘው ወረዱ። የስቱዋርት ድርጅት ከመንጋው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣ። ከዚያ በኋላ ማብላትና ማስጠለል የማልችለው እንስሳ ዳግም የእኔ እንዲሆን አልሻም ብሎ ሥራውን ተወ።

16ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ የጠየቀው 40 በሴልሲየስ ነው ወይስ በፋረንሃይት የሚለውን ብቻ ነው። 17ኛው ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት እዚያው ከዜሮ በታች 40 ላይ ስለሆነ እንደፈለግህ ውሰደው አለው። ሳቅኩ።

18ኛዋ ወይዘሮ ነገሩ ክፉ ቀንን አስታወሳቸው። ከዚያ ክረምት አንድ ዓመት ከምናምን በኋላ እኛም ዘንድ የከብት ዕልቂት ገባ፤ አያታቸው ከአያታቸው የሰሙትን፣ በሬ ያጣ ገበሬ በዶማና በእጁ መሬት ሲቧጥጥ የነበረበትን ዘመን ተረኩ። 19ኛው ሰው ይህ ከርእሱ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ቆጣ አለ። 20ኛው ግን ልዩነቱን በጥሩ ቋንቋ ለየው፦ ያኛው በሽታ ነው፣ ይህኛው ረሃብና ቁር፤ በእኛ በሬው ሲሞት እርሻው ሞተ፣ እርሻው ሲሞት ሰው አለቀ፤ ሞንታና ላይ ከብቱ ሲያልቅ የኩባንያ መዝገብ ተዘጋ። 19ኛው ይህን ካነበበ በኋላ ድምፁን አላሰማም።

ከመልሶቹ ሁሉ ያልለቀቀኝ 21ኛው ነው። ጸሐፊዋ ሴት ናቸው። ስለ ገመዱ ይህን ያህል ስትጨቃጨቁ አንዲት ሴት ግን አልተጠራችም ብለው ጀመሩ። ስቱዋርት በ1862 ኦቦኒ የምትባል፣ ከአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች ከአንዱ ከሾሾኒ የሆነች ሴት አግብቶ 26 ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ልጆች ወልዳለታለች፤ ወንድሙ ጄምስ ሲሞት የእሱንም ልጆች አሳድጋለች። በ1865 ስቱዋርት ስለ ሞንታና ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሾሾኒ ቋንቋ መዝገበ ቃላት አለ። በዚያን ጊዜ ኦቦኒ በቤቱ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ቃሉን ከማን እየጠየቀ ይመስላችኋል የጻፈው አሉ። ያ ሰው በስተርጅና ሁለት ቅጽ የሚሆን ትዝታ ሲጽፍ ግን፣ ለአየሩ፣ ለፈረሱ፣ ለወንዙ ገጽ በገጽ ሲሰጥ ሚስቱን በጨረፍታ ያልፋታል። በ1888 ሞተች። በ1890 አንዲት ነጭ መምህርት አገባ፤ ትንንሾቹ የኦቦኒ ልጆች ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ።

22ኛው ዘመኑ ነው፣ የዛሬን ሚዛን ለዚያን ጊዜ አንጠቀም አለ። 21ኛዋ መልሰው፣ ልጆቹን አቅፈው ያሳደጉ ሌሎች ነጭ አባቶች በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሸለቆ ነበሩ፤ ዘመኑ ሁሉንም አላስገደደም አሉ። 23ኛው ደግሞ በጨዋነት አንድ ነገር አረመ፦ ስቱዋርት ከሾሾኒዎች ጋር መነገድ የጀመረው በ1857 ስለሆነ ቃላቱን ሁሉ ከሚስቱ ተማረ ማለት አይቻልም። እሳቸውም ይህስ ልክ ነው፣ ግማሹን አንሥቻለሁ አሉ። በዚህ መድረክ ላይ ሰው ግማሹን ሲያነሣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

24ኛው ስቱዋርትን ትንሽ ሊያስታርቀን የፈለገ ይመስላል። በወጣትነታቸው ወንድማማቾቹ ቢተርሩት ሸለቆ ውስጥ መጽሐፍ ያለበት ሳጥን አለ የሚል ወሬ ሰምተው ወደ 240 ኪሎ ሜትር በፈረስ ሄዱ። ሳጥኑ የአደራ ነበር፤ ጠባቂውን ለምነው አምስት መጽሐፍ እያንዳንዱን በ5 ዶላር ገዙ፤ ኪሳቸው ውስጥ የቀረው 25 ዶላር ብቻ ነበር። አንዱ በፈረንሳይኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስቱዋርት በዕድሜው መጨረሻ የቢዩት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ በ1918 ሚዙላ ውስጥ ሞተ። 7ኛው ከብዙ ዝምታ በኋላ ብቅ ብሎ፣ መጽሐፍ ማንበቡ ለእነዚያ አምስት ሰዎች ምን ጠቀማቸው ብሎ ጠየቀ። 24ኛው አልመለሰም። እኔም ልመልስ ጀምሬ አጠፋሁት።

በ26ኛው መልስ አሽከርካሪው ተመለሰ። በፌብሩዋሪ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ከኢንተርስቴቱ ወጥቶ እስከ ሉዊስታውን ቢሄድ የማጊኒስን ምሽግ ቦታና የስቱዋርትን ግጦሽ አይቶ ፎቶግራፍ ሊያነሣልን ይችላል፤ ብቻ በባዶ ተጎታች በዚያ መንገድ በክረምት የሄደ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። 27ኛው ባዶ ተጎታች በነፋስ ይገለበጣል፣ ሣር ሲያይ ሂድ አለው። 28ኛው ቢዩት አጠገብ ሆምስቴክ የሚባለው መተላለፊያ ላይ የጎማ ሰንሰለት ሳያስር ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደቆመ ተረከ። ከ29 እስከ 41 ያሉት መልሶች በሙሉ ስለ ሰንሰለት ናቸው፤ የትኛው ዓይነት ቶሎ እንደሚበጠስ፣ በጓንት ወይስ በባዶ እጅ ማሰር እንደሚሻል። ባዶ እጅ ያለው ሰው ጣቱን ብረት ላይ አጣብቆ እንደነበር በ38ኛው አምኗል።